ከ11 ሰዓት በኋላ አትደውዪ

ጎንደር፣ ሰኔ 3

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ እየገባ ነው፣ ከትናንት ወዲያ የጣለው ዝናብ የጓሮውን አጥር አጋድሞት ወንድምሽ ሲያቆም ዋለ። ይሄን ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ በቪዲዮ ሳይሽ ቁጣው ስለሚጠፋብኝ ነው፣ ፊትሽን ካየሁ "በላሽ ወይ?" ብዬ ነው የማልፈው። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፣ ረጅም ነው ብለሽ እንዳታልፊው፣ ደጋግመሽ አንብቢው።

ጓደኛሽ ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ ባለፈው እኛ ጋ መጥታ ነበር። የላክሽውን የእናትሽን የጉልበት ማሰሪያ ሰጥታናለች፣ ልኳ ነው፣ ተመችቷታል። ቡና እየጠጣን ስላንቺ ስንጠይቃት ሳታስበው አወጣችው። እዛ ጃፓን ከኮቤ ወደምትኖሪባት አካሺ ስትመለሺ ባቡር ላይ እንቅልፍ ጥሎሽ፣ ሰፈርሽን አልፈሽ ሂሜጂ ድረስ ሄደሽ፣ የመመለሻው የመጨረሻ ባቡር አምልጦሽ ጣቢያው በር ላይ ነግቶብሻል። ላቦራቶሪ ውስጥም ወንበር ላይ እንደምታንቀላፊ ነገረችን። እናትሽ ሲኒውን አስቀመጠችና "ምን ሆና ነው ልጄ?" ስትላት ልጅቷ ደንግጣ "ማታ ማታ እናንተን ስታናግር አይደል እንዴ የምታነጋው" አለች። ከዛ በኋላ ቡናው ሁለተኛ ሳይደርስ ቀረ።

እናትሽ እስከዛች ቀን ድረስ ምንም አልገባትም ነበር። ራት በልተን ማታ 2 ሰዓት ላይ ትደውያለሽ፣ እሷ ሁልጊዜ "እዛ ስንት ሰዓት ነው?" ትልሻለች፣ አንቺም "2 ሰዓት ነው እማዬ" ትያታለሽ። "ኧረ እንደኛው ነው!" ብላ ደስ ይላት ነበር። አንቺም ራትሽን በልተሽ፣ ጋቢሽን ለብሰሽ፣ ልትተኚ ስትዪ የምትደውዪ ነበር የሚመስላት። ቁጥሩ ልክ ነው ልጄ፣ አንቺ ግን ዋሽተሻታል። ያንቺ 2 ሰዓት እኮ የሌሊቱ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ ጠዋት ክላስ እያለሽ፣ ፈገግ ብለሽ ስክሪን ላይ ትቀመጫለሽ። ለሷ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፍቅርሽን አልጠራጠርም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከ11 ሰዓት በኋላ ስልክ የለም። ያንቺ 11 ይሁን የኛ 11 አትጠይቂኝ፣ አንድ ነው።

እኔ እንኳ ስንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ እንደዚህ የሚገርም ነገር አላየሁም። ጃፓን ከኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ደሞ ቀኑን ከንጋት ስለምንጀምር ቁጥራችን ከፈረንጁ ሰዓት በ6 ወደኋላ ነው። ሁለቱ ስድስቶች ሲደመሩ 12 ይሆኑና ያንቺ ሰዓትና የሳሎናችን ግድግዳ ሰዓት ላይ እጆቹ አንድ ቦታ ይቆማሉ፣ ደቂቃው ሳይቀር። ዓመቱን ሙሉ ፈቀቅ አይልም፣ ምክንያቱም እነሱም እንደኛ በበጋና በክረምት ሰዓት አይቀያይሩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች እዛ በነበሩ ጊዜ ጥቂት ዓመት ተሞክሮ በፈረንጅ 1952 ተሰርዟል። አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸው ሲቀያየር ግራ ይገባናል፣ ካንቺ ጋር ግን መቼም አይምታታም። ሌሊት 8 ላይ ስነቃ (አሁን እድሜው ነው መሰለኝ ቶሎ ቶሎ እነቃለሁ) ግድግዳውን አይና "አሁን ጠዋት 2... አይ፣ ያንቺው 8 ነው፣ ባቡር ውስጥ ናት" እላለሁ። 12 ሲልና እዚህ ሲነጋ አንቺ ምሳ ልትወጪ ነው። ቀን 6 ላይ ደወል ሲደወል አንቺ አመሻሽተሽ ከላቦራቶሪ ልትወጪ ነው። ሰዓቱ ያንቺም ሰዓት ሆኖልኛል። ለኔ ይሄ ይበቃኛል ልጄ፣ በየማታው ፊትሽን ካላየሁ ብዬ እንቅልፍሽን አልወስድም።

ለእናትሽ ለማስረዳት ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሳልኩላት። አንዱ ላይ ፀሐይ፣ አንዱ ላይ ጨረቃ አድርጌ እጆቹን ሁለቱም ላይ 2 ላይ አቆምኳቸው። ዝም ብላ ቆይታ "እና እኔ ሳስቅ እሷ..." አለችና ወጣች። ያን ቀን ማታ ስትደውዪ ያላነሳችው ለዛ ነው፣ ኔትወርክ አልነበረም ያለችሽ እውነት አይደለም። አትዘኚባት።

አሁን ስለ ፀሐይዋ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም እንቅልፍሽን የምትነካው እሷም ናት። ስልኩ 6 ሰዓት ይለያያል ይላል እንጂ በፀሐይ ከሄድን ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተማሪዎቼን ይዤ ቀጥ ያለ እንጨት እንተክል ነበር፣ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት እናደርግና የቱ ጋ በጣም እንዳጠረ እናያለን። ልጆቹ ሁሉ 6 ሰዓት ላይ ነው የሚያጥረው ብለው ይወራረዳሉ፣ ጥላው ግን ማጠሩን የሚያቆመው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚለካው በ45 ዲግሪ መስመር ነው፣ እሱ ደሞ በሶማሌ ክልል በኩል ነው የሚያልፈው፣ ጎንደር 37 ተኩል ላይ ናት፣ ለያንዳንዱ ዲግሪ 4 ደቂቃ ስናስብ ፀሐይ እኛ ጋ ግማሽ ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች ማለት ነው። ያንቺ አካሺ ግን 135 ዲግሪው መስመር ራሱ የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ የጃፓን ሰዓት በሙሉ የሚለካው በሷ ነው፣ ጥላው ከሰዓቱ ጋር የሚገጥምባት ቦታ ላይ ነው ያለሽው። ከተማዋን ስትመርጪ ይሄን አስበሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ቤት ኪራይ ከኮቤ ስለሚረክስ ነው፣ እኔ ግን ስትነግሪኝ እንዴት እንደተደሰትኩ ታስታውሻለሽ።

ፎቶውን የላክሽልኝ የመስመሩ ምልክት፣ በፈረንጅ 1910 የዛ አውራጃ የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከደሞዛቸው አዋጥተው ያቆሙት፣ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። አስተማሪ ሆኖ ከኪሱ አውጥቶ "ሰዓታችን የሚያልፈው በዚህ ነው" ብሎ ድንጋይ የሚያቆም ሰው ልቤን ይነካዋል። የጃፓን ሰዓት በአንድ መስመር የተደነገገው በ1886 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1888 ጀምሮ ነው። ያ ወር ለኛ ከተማ ምን ወር እንደነበር ታውቂያለሽ? በኛ ጥር 1880፣ የሱዳን ደርቡሾች ጎጃሞችን ሳር ውሃ ላይ ድል አድርገው ጎንደር የገቡበትና አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠሉበት ነው። እናንተ ጋ አገር በሙሉ ሰዓቱን አንድ ላይ ሲያስተካክል እዚህ ሰው ታቦቱን ይዞ ይሸሽ ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንዴት እንደተረፈ አያትሽ የነገረችሽን የንቦቹን ነገር አትርሺ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ሕፃን ሆነሽ ስትቆጥሪ አንገትሽ እስኪታመም ነበር።

ሁለቱ ከተሞች ደሞ እንዲህ ሩቅ ሆነው በአንድ ዘመን ነው የተነሱት። የአካሺ ግንብ ሥራ የተጀመረው በፈረንጅ 1619 ነው ብለሽኛል፣ አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 ነው። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ባስወጡበት በዚያው አስር ዓመት ውስጥ ጃፓኖቹም ፖርቱጋሎቹን በ1639 አባረው በራቸውን ዘግተዋል። ሰዓታቸውም እስከ 1873 ድረስ እንደኛ ከንጋት ጋር የተያያዘ ነበር፣ ቀኑን ከንጋት እስከ ምሽት ስድስት ቦታ፣ ሌሊቱንም ስድስት ቦታ ከፍለው፣ ቀኑ ሲረዝም ክፍሉም ይረዝማል፣ ሲያጥር ያጥራል። ያ ዘመን ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ ሌሊት መሆኑን አንቺም መደበቅ አትችዪም ነበር። ከ11 በኋላ ተኚ!

መጋረጃ! ልረሳው ነበር። ጎንደር ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው መሃል ነው የምትወጣው፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም፣ ሰው በሷ ይነሳል በሷ ይተኛል። አንቺ ጋ ግን አሁን በሰኔ ከ5 ሰዓት በፊት፣ ሌሊት 4፡45 ላይ ትወጣለች፣ በታኅሣሥ ደሞ 7 ሰዓት እስኪሆን አትመጣም። እና አንቺ 3 ሰዓት ላይ ከእናትሽ ጋር አውርተሽ ስትተኚ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ነው፣ ጓደኛሽ መስኮትሽ ወደ ምሥራቅ ነው ብላኛለች። ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ እዛ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ የላክሽልንን ገንዘብ የዚህን ወር እንዳትልኪ፣ እሱን ግዢበት። እየቀለድኩ አይደለም። ብትልኪ እመልስልሻለሁ።

ሌላ ነገር ደሞ አለ፣ ለእናትሽ ይሄን አልነገርኳትም። ከተማሽ መሃል ያለው የሰዓት ማማ፣ ያ የከዋክብት ማሳያው ቤት (ፕላኔታሪየሙ) ላይ ያለው፣ በፈረንጅ 1995 በነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ 5፡46 ላይ ቆሞ ቀርቷል። ጃንዋሪ 17፣ ገና ሳይነጋ። የኛ ግድግዳም ያኔ 5፡46 ይል ነበር፣ ጥር 8 ሌሊት፣ ከተማው ለከተራ ሽር ጉድ ሲል ውሎ የተኛበት። ከ6,400 ሰው በላይ ሞተ፣ ብዙው ቤት ውስጥ በተኛበት። ይሄን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። አልጋሽ ሥር ጫማና የእጅ ባትሪ አስቀምጪ፣ መስተዋት ይሰበራልና ባዶ እግርሽን እንዳትወርጂ፣ ከራስጌሽ በላይ ያለውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር እሰሪው ወይ አንሺው። ስልክሽ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል ብለሽኝ ነበር፣ እሺ፣ ግን በእንቅልፍ እጦት የደከመ ሰው ጥሩንባ ቢነፋበትም አይሰማም። ሂሜጂ ድረስ የባቡሩ ማይክራፎን ሲለፈልፍ ሰማሽው? ለዚህም ጭምር ነው ከ11 በኋላ አትደውዪ የምልሽ።

አሁን ስለ እናቴ፣ ስላላየሻት አያትሽ ልጻፍ። የአጎትሽን የሞስኮ ነገር በጥቂቱ ታውቂዋለሽ፣ ግን ሙሉውን ማናችንም አንስተነው አናውቅም፣ እሱም ፊት አይነሳም። በኛ 1976 ታኅሣሥ ላይ ደብዳቤ ጻፈ፣ "ቅዳሜ በ3 ሰዓት ስልክ ቤት እደውላለሁ፣ እማማን ይዛችሁ ኑ" የሚል። ሄዶ ድምፁ አልተሰማም ነበር፣ ያኔ ስልክ ተይዞ፣ ገንዘብ ተጠራቅሞ፣ ወረፋ ተጠብቆ ነው። እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። የምትለውን እንዳትረሳ የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ቋጠሮ አደረገችው፣ ይሄ ስለ አባትህ ሕመም፣ ይሄ ስለ ላሟ፣ ይሄ ስለ ብርድ ልብስ፣ ይሄኛው ብላ ለኔ ያልነገረችኝም ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። 3 ሆነ። 4 ሆነ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች፣ ስሙ ሲጠራ የሌላ ሰው ነው። እስከ 7 ጠበቅን፣ ከዛ አባቴ አልጋ ላይ ስለነበረ ምሳውን የሚሰጠው ሰው የለም፣ "ሳይመቸው ቀርቶ ነው" ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

ማክሰኞ ጎረቤታችን የሆነው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ መንገድ ላይ አግኝቷት "ቅዳሜ ከሞስኮ በ9 ሰዓት ተደውሎ ነበር እኮ፣ ሄዳችኋል" አላት። በ9። አጎትሽ እዛ ሲኖር በነሱ አቆጣጠር ለምዶ ነው፣ የሱ 3 የኛ 9 ነበር። ሞስኮና ጎንደር ደሞ በዛ ወር ሰዓታቸው አንድ ነው፣ ፀሐዩም ሰዓቱም አንድ ላይ ነበርን፣ አቆጣጠሩ ብቻ ነው የለየን። ደግሞ ለመደወል እስኪሞክር ክረምት መጣ፣ እናቴ በነሐሴ አረፈች። ሲመለስ መቃብሯን ነው ያየው። አሁንም ድረስ አጎትሽ "በኛ ነው በፈረንጅ?" ብሎ ሳይጠይቅ ከማንም ጋር ቀጠሮ አይዝም፣ እናንተ ልጆቹ የምትስቁበት ነገር ከዚህ የመጣ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ሁለት ሰዓት ናት። ከ7 እስከ 9። ሮጬ ምሳውን አብልቼ መመለስ እችል ነበር እያልኩ አስባለሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ማን አስቦት።

ለምን ይሄን እንደጻፍኩልሽ አላውቅም፣ ልመክርሽ ጀምሬ ወደ እናቴ ሄድኩ። ብቻ ድምፅ መስማት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አባት "አትደውዪ" ያለሽ እንዳይመስልሽ ነው። አውቃለሁ። እናትሽ ድምፅሽን ካልሰማች ቀኑ እንደማያልቅላት አውቃለሁ። ለዛ ነው ያልተጎዳሽበትን ሰዓት የፈለግነው።

ተነጋግረን ይሄን አድርገናል። እሁድ 7 ሰዓት፣ ያንቺ ማታ 7፣ የኛ ቀን 7። ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በልተን ቡናው የሚቀርብበት ነው፣ የማታውን ቡና ትተነዋል፣ ወንድምሽም ኳሱን ትቶ ይገኛል፣ ማልልኛል። ረቡዕ ደሞ ምሳ ሰዓትሽ ላይ፣ 12 ሰዓት ተኩል፣ እናትሽ ከኪዳን ተመልሳ ትጠብቅሻለች፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት ስለሆነ አትዘግዪባት። ምሳሽን እየበላሽ ይሁን፣ ስትበዪ ማየት ትፈልጋለች፣ ባዶ ጠረጴዛ እንዳታሳዪን። ሌላውን ቀን ድምፅ ቀድተሽ በቴሌግራም ላኪ፣ ጠዋት ስንነሳ እንሰማዋለን፣ እናትሽ ደጋግማ የምታጫውተው ሲኖራት እንዲያውም ይሻላታል። እሷም ከ11 በኋላ ስልኳን ለኔ ልትሰጠኝ ተስማምታለች፣ ብትደውዪም የማነሳው እኔ ነኝ፣ ምን እንደምልሽ ታውቂያለሽ።

ከታመምሽ ግን፣ ወይ ከፈራሽ፣ ወይ የሆነ ክፉ ነገር ካገኘሽ፣ ይሄ ሁሉ ሕግ አይሠራም። ያንቺ ጠዋት 8 የኛ ሌሊት 8 ነው ብለሽ እንዳትቆጠቢን፣ ቀስቅሺን። የኛን እንቅልፍ አንቺ አትቁጠሪው።

ለፕሮፌሰርሽም ንገሪው፣ ደክሞኝ ነበር፣ አሁን አስተካክያለሁ በዪው። ቡናውን ቀንሺ፣ በተለይ ከምሳ በኋላ። ባቡር ላይ ከቆምሽ አትተኚም፣ ስለዚህ እንቅልፍሽ እስኪስተካከል ድረስ ማታ ስትመለሺ ወንበር ባይኖርም ግድ የለም፣ ቁሚ። እና አንድ ጊዜ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ደምሽን ይዩት፣ እናትሽ ደም ማነስ አለባት፣ ካንቺም አይርቅም። ውጤቱን ፎቶ አንስተሽ ለኔ ብቻ ላኪልኝ።

ዛሬ ሰኔ 3 በናንተ ጁን 10 ነው፣ የሰዓት ቀን። ያ በ671 ንጉሡ የውሃ ሰዓት አስቆመ የሚባለውን እያሰቡ ከ1920 ጀምሮ የሚያከብሩት። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ማማው ሥር ቆመሽ ፎቶ ልከሽልኝ ነበር፣ ያኔ ፊትሽ ሙሉ ነበር። ዘንድሮ እንዳትሄጂ፣ ቤትሽ ግቢና ተኚ።

ይሄ ሲደርስሽ 11 ሰዓት አልፎ ከሆነ አሁን አትመልሺልኝ። ነገ ምሳ ሰዓትሽ ላይ ጻፊልኝ። መጋረጃው ሲሰቀል ፎቶውን፣ መደርደሪያውም ከግድግዳው ሲታሰር ፎቶውን፣ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። እናትሽ ሽሮውንና በርበሬውን አዘጋጅታለች፣ የሚሄድ ሰው እያፈላለግን ነው፣ ከዚህ በፊት እሽጉ ፈንድቶ ስለነበረ ዘንድሮ በድርብ ፌስታል አድርጋዋለች።

አባትሽ